ጎመኑ ለምን ቀጨጨ?

ሐዋሳ ደርሶ ጉዱማሌን ሳያይ የሚመለስ ሰው ጥቂት ነው። ከሐይቁ ዳር የሚገኘው ይህ ሥፍራ የሲዳማ ሕዝብ በየዓመቱ የዘመን መለወጫ በዓሉን፣ ፊቼ ጨምበላላን የሚያከብርበት ሲሆን፣ በዘወትሩ ቀን ደግሞ ከሥራ የወጣ ሠራተኛና ልጆቿን ያስከተለች እናት ከዛፍ ጥላ ሥር አረፍ የሚሉበት ነው። በዓሉ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር፣ የጎሳ መሪዎች በዓሉን ምክንያት አድርገው ለሕዝቡ የሚሰጡት ምክርም አብሮ ተጽፏል። በርትቶ መሥራት፣ ሽማግሌን ማክበር፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት መራቅ ከተባለው መካከል አገር በቀል ዛፍ አለመቁረጥ ይገኝበታል።

ዛፍ መቁረጥ ከስርቆትና ከሐሰት ምስክርነት ጎን ለምን ተሰለፈ? ለጥላው፣ ለከብቱ፣ ለዝናቡ ነው ብላችሁ ትመልሱ ይሆናል። ትክክል ነው። እኛ ግን በዛሬው ዓምዳችን ብዙ ያልተነገረለትን አንድ ሌላ ነገር እናነሣለን፤ ይኸውም ዛፍ ከሥሩና ከአጠገቡ ለሚበቅለው ተክል ምን ዓይነት ጎረቤት ነው የሚለውን ነው። ጥያቄው የገበሬ ብቻ አይደለም። በከተማ ግቢ ጥግ አንዲት መደብ ያላትን እናት ሁሉ ይመለከታል።

እስቲ ከአጥራችሁ ጥግ ከቆመው ባሕር ዛፍ አጠገብ ጎመን ዘርታችኋል እንበል። የአንድ እስር ጎመን ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ሲጨምር ላየች እናት ይህች መደብ ቀላል ነገር አይደለችም፤ ከደመወዝ ላይ የምትተርፍ ሳንቲም ብትኖር ከዚያች ነው። ውሃ አጠጣችሁ፣ ፍግ ጨመራችሁ፣ አረማችሁ። ከግቢው ማዶ ያለው ጎመን ቅጠሉን ዘርግቶ ሲንዠረገግ፣ ከዛፉ አጠገብ የተዘራው ግን እኩሌታው ጭራሹን አልበቀለም፤ የበቀለውም ቢጫ ሆኖ ቀጨጨ። በዚህ ጊዜ ቤተ ሰቡ ጥፋተኛ ይፈልጋል። አንዱ ዘሩ አሮጌ ነው ይላል፤ ሌላው ውሃ ማጠጣት ረሳ ብሎ ልጁን ይቆጣል፤ ባልቴቷ ጎረቤት ደግሞ የሰው ዓይን ነው ይላሉ። ተከሳሹ ግን ከአጥሩ ጥግ ዝም ብሎ ቆሟል።

ዕፀዋት ከቅጠላቸው፣ ከሥራቸውና ከሚረግፈው ገላቸው በሚያወጡት ንጥረ ነገር የጎረቤታቸውን እድገት የሚያውኩበትን ሁኔታ ሊቃውንቱ አሌሎፓቲ ይሉታል። ለነገሩ ይህን ስም ያወጣለት ኦስትሪያዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ሐንስ ሞሊሽ ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1937 ነበር። ደስ የሚለው ነገር ሞሊሽ ምርምሩን ያካሄደው በአስፈሪ መርዛማ ዛፍ ላይ ሳይሆን በበሰለ ፖም ነው። የበሰለ ፍሬና ለጋ ቡቃያ በአንድ ክዳን ሥር ሲቀመጡ የቡቃያው እድገት ይታወካል። እናንተም ነገሩን በወጥ ቤታችሁ ታውቁታላችሁ፤ አልበስል ያለውን አቮካዶ ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ጠቅልላችሁ ስታኖሩት ቶሎ የሚለሰልሰው ከሙዙ በሚወጣ ኤቲሊን በሚባል ጋዝ ምክንያት ነው። ኤቲሊን የዕፀዋት ሆርሞን ነው። ለፍሬው ማብሰያ የሆነው ያው ጋዝ ለለጋ ቡቃያ ማቀጨጫ ይሆናል።

«ተክል ደግሞ ሆርሞን አለው እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። አለው። በሰው ገላ ውስጥ ሆርሞን ከአንድ ሥፍራ ተመንጭቶ ለሌላው ክፍል ትእዛዝ እንደሚያደርስ ሁሉ፣ በተክልም ውስጥ እጅግ ጥቂት የሆነ ንጥረ ነገር ከጫፍ እስከ ሥር እየተዘዋወረ እደግ፣ ቁም፣ ንቃ፣ ተኛ እያለ ያዛል።

ለዚህ ከብቅል የተሻለ ምሳሌ የለንም። ገብሱን ዘፍዝፋችሁ፣ በቅጠል ሸፍናችሁ ስታስቀምጡት በጥቂት ቀናት ውስጥ ያቆጠቁጣል፤ ሲቀመስም ይጣፍጣል። ያ ጣፋጭነት ከየት መጣ? ውሃ የነካው የገብስ ሽል ጂበሬሊን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሆርሞኑ ከገለባው ሥር ወዳለው ስስ ሽፋን ይሄድና «ሽሉ ነቅቷልና ስንቁን አውጡ» የሚል መልእክት ያደርሳል። ሽፋኑም ዱቄቱን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞችን ይለቃል። ጠላ ጠማቂዋ ብቅሉን የምታሰጣው ይህ ሥራ ከተጀመረ በኋላ፣ ቡቃያው ስኳሩን በልቶ ሳይጨርሰው ነው። እናቶቻችን ሆርሞኑን በስም ባያውቁትም በእጃቸው ያዙት ማለት ነው።

ሌላው ኦክሲን ይባላል። በመስኮት አጠገብ ያኖራችሁት አበባ አንገቱን ወደ ብርሃን የሚያዞረው ኦክሲኑ በጨለማው ወገን በርክቶ ያንን ጎን ስለሚያስረዝመው ነው። የሥርንም አካሄድ የሚመራው ይኸው ኦክሲን ነው። ታዲያ ኦክሲን ልክ ይወዳል፤ ሲያንስ ተክሉ አያድግም፣ ሲበዛም ይጎዳል። ገበሬዎቻችን በስንዴና በጤፍ ማሳ ሰፋፊ ቅጠል ያለውን አረም ለማጥፋት የሚረጩት ቱፎርዲ የተባለው መድኃኒት የኦክሲን ምስያ ነው። አረሙን አስርቦ አይደለም የሚገድለው፤ ያለ ልክ እደግ ብሎ አጣምሞ፣ አዟዙሮ ነው። ጂበሬሊንም ቢሆን የተገኘው በዚሁ ዓይነት ጥፋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1926 ጃፓናዊው ተመራማሪ ኩሮሳዋ እንደ መቃ እየረዘመ የሚወድቀውን የሩዝ ችግኝ ሲመረምር፣ ሩዙን ያሳበደው ከአንድ ሻጋታ የሚወጣ ንጥረ ነገር መሆኑን ደረሰበት።

እንግዲህ የጎረቤት ተክል ክፋት ከዚህ ላይ ይጀምራል። ከባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ከፓርቲኒየም አረም፣ ከብዙ ሌሎች ዕፀዋትም ፌኖሊክ አሲድ የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይወጣሉ። ከእነዚህ ከፊሎቹ ኦክሲንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም ያበረቱታል፤ በዚህን ጊዜ ትእዛዙ ከመድረሱ በፊት ይጠፋል። ሌሎቹ ደግሞ ያንኑ ኢንዛይም ይገቱታል፤ ኦክሲኑም ከልኩ በላይ ይጠራቀማል። ኦክሲኑ ከጫፍ ወደ ሥር እንዳይወርድ መንገድ የሚዘጉም አሉ። ታኒን የተባለው፣ ሻይን የሚያስመርረው ንጥረ ነገር፣ ጂበሬሊን ሥራውን እንዳይሠራ ይቃወማል። ውጤቱን በዓይን ስታዩት አንድ ነው፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፣ ከበቀለም ሥሩ አጭርና ቡኒ ይሆናል። ሥሩ ያጠረ ችግኝ ደግሞ ውሃ ቢጠጣም አይጠቅመውም፤ መጠጫ አፉን ተነጥቋልና።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት ከመነቀል የዳነችው በእርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለጉንፋን ብላችሁ ቅጠሉን ቀቅላችሁ የምትታጠኑት፣ አፍንጫን የሚከፍተው ሽታ ሲኒዮል ከተባለ ዘይት የሚመጣ ሲሆን፣ ያው ሽታ ለሚበቅል ዘር ጠላቱ ነው። ዝናቡ ከቅጠሉ አጥቦ ያወርደዋል፤ የረገፈውም ቅጠል ሲበሰብስ የቀረውን ወደ አፈር ያስገባል።

ነገሩ በአገራችን አዝርዕት ላይ ተፈትኗል። አንድ ኢትዮጵያዊና አንድ ዴንማርካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት ጥናት፣ የፈረንጅ ጽድና የሦስት ዓይነት ባሕር ዛፍ ቅጠል የተዘፈዘፈበትን ውሃ ለሽምብራ፣ ለአተር፣ ለጤፍና ለበቆሎ ዘር አጠጥተው ነበር። የአብዛኞቹ ሰብሎች ብቅለትና የሥር እድገት ቀነሰ። በጣም የተጎዱት ሽምብራና ጤፍ ነበሩ። ከዛፎቹ መካከል ክፉኛ ያቀጨጨው ቀይ ባሕር ዛፍ ሲሆን፣ ነጭ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጽድ ጉዳታቸው አነስ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ተመራማሪዎቹም የዛፉ ገቢና ጥቅም አብሮ ይመዘን ብለው ጨምረዋል።

እኛም እንዲሁ እንላለን። ባሕር ዛፍ ተሸጦ የልጅ ትምህርት የተከፈለበት ቤት፣ ከእንጦጦ የማገዶ ሸክም ተሸክማ የወረደች እናት ባሉበት አገር «ባሕር ዛፍ ይነቀል» የሚል ዘመቻ በዚህ ዓምድ አንከፍትም። ከዚህም በላይ፣ ከዛፉ ሥር ሣር አልበቅል የሚለው በዚህ ንጥረ ነገር ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፤ የአፈሩን ለምነት ይሻማል፤ ጥላም ይጥላል። በሣህን ላይ የታየው ጉዳት በሜዳ ላይ ይቀንሳል፤ ዝናብ ያጥበዋል፣ በአፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ሕዋሳትም እያፈረሱ ይበሉታል። ጉዳቱ የሚከፋው ዝናቡ አነስተኛ በሆነበት፣ ቅጠሉም ሳይጠረግ እየተደራረበ በሚቀርበት ሥፍራ ነው። የእናንተ የአጥር ጥግ ምናልባት እንዲህ ያለ ሥፍራ ይሆናል።

የሲዳማ እናት ጓሮ ሌላ መልክ አለው። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑ ከዋንዛና ከብሳና ሥር ተሰባጥረው ይኖራሉ። ይህ ጉርብትና በአንድ ትውልድ የተገኘ አይደለም፤ ማን ከማን ጋር እንደሚስማማ ስንት ዘመን ሲታይ፣ የማይስማማው ሲነቀል፣ የተስማማው ሲቀር የመጣ ነው። አገር በቀል ዛፍ ሁሉ ለጎረቤቱ ደግ ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን የምናውቀውን ዛፍ ቆርጠን የማናውቀውን ስንተክል ያንን ሁሉ ዘመን የፈጀ ፈተና ከመጀመሪያው እንጀምራለን። በጉዱማሌ የሚሰጠውን ምክር በዚህ ዓይን ስናየው ከባድ ቁም ነገር ሆኖ እናገኘዋለን።

ከባሕር ዛፉ ይልቅ ምሕረት የማይገባው ፓርቲኒየም ነው። ይህ ነጫጭ ጥቃቅን አበባ ያለው አረም ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ሲሆን በአንዳንድ ሥፍራ ቅንጨ አረም ይሉታል። በምሥራቅ ሐረርጌ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ያወጡለት ስም ፈረምሲሳ ነው፤ አስፈርሞ መሬት የሚያስለቅቅ እንደ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም የሚያወጣለት ሊቅ አናገኝም። አንዱ ተክል ብቻውን ከ15,000 በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል፤ ከበቀለም በኋላ ለማበብ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይበቃዋል። ከፌኖሊክ አሲዶቹ በተጨማሪ ፓርቴኒን የሚባል መራራ ንጥረ ነገር አለው፤ ይህም የጎረቤቱን ዘር እንዳይበቅል፣ ሥሩም እንዳይረዝም ያደርጋል። የበላችው ላም ወተቷ ይመርራል።

ታዲያ ይህን አረም በአብዛኛው የሚነቅለው ማን ነው? በማሳውም ሆነ በመንገድ ዳር የአረም ሥራ በሴትና በልጅ ትከሻ ላይ የወደቀ ነው፤ የሚነቀለውም በባዶ እጅ ነው። ፓርቴኒን ቆዳን ያስቆጣል፤ እጅንና አንገትን ያሳክካል፣ ያቆስላል፣ ብናኙም አስም ሊያስነሣ ይችላል። ደጋግሞ የነካው ሰው ሕመሙ እየባሰበት ይሄዳል እንጂ አይለምደውም። ስለዚህ ከአጥራችሁ ውጭ ባያችሁት ጊዜ ሳያብብ፣ አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ሳለ፣ ጓንት ወይም ላስቲክ በእጃችሁ አጥልቃችሁ፣ እጅጌ ረጅም ልብስ ለብሳችሁ ከነሥሩ ንቀሉት። ልጆችን አትላኩ። ሥራው እንዳለቀም እጅና ፊታችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ልብሱንም ከሌላው ለይታችሁ እጠቡ። ያሳከካት ሠራተኛ ብትኖር ቅባት እየቀባባች ከመቆየት ጤና ጣቢያ ብትሄድ ይሻላል።

ስለ ማሽላ አንድ ነገር ብለን እንለፍ፤ ይህኛው ታሪክ ተገላቢጦሽ ነውና። የማሽላ ሥር ስትሪጎላክቶን የተባለ ሆርሞን ወደ አፈር ይረጫል፤ ጠቃሚ ፈንገሶችን ወደ ሥሩ መጥሪያው ነው። አቀንጭራ ግን ጥሪውን ትሰማለች። ዘሯ ለዓመታት በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆይና ያንን ሆርሞን ሲያገኝ ነቅቶ የማሽላውን ሥር ይጣበቃል። ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በአብዛኛው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ በማውጣታቸው ሲሆን፣ አንዱ ብልሃት ይህን የጥሪ ንጥረ ነገር በጥቂቱ ብቻ የሚረጭ ዘር መምረጥ ነበር።

ወደ ቤታችን እንመለስ፤ የቡና አተላችሁን ወዴት ትደፉታላችሁ? ብዙ እናቶች ማዳበሪያ ነው ብለው ከጀበናው እንደ ወጣ ከአበባው ማሰሮ ወይም ከጎመኑ ሥር ይደፉታል። ካፌይን ግን ቡና ጎረቤቱን የሚከላከልበት መሣሪያ ነው። ባረጀ የቡና ተክል ሥር አፈሩ ውስጥ ተጠራቅሞ የራሱን የቡናውን ችግኝ እንኳ እንደሚጎዳ ጥናት አመልክቷል። በአውስትራሊያ ሜልቦርን ከተማ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሙከራም የቡና አተላ በቀጥታ የተጨመረባቸው አትክልቶች እድገት በግልጽ መቀነሱን አሳይቷል፤ ከተሞከሩት አንዱ የጎመን ዘመድ የሆነው ብሮኮሊ ነበር። «እኛ እስከ በረካ ድረስ ስለምናፈላው ምን ካፌይን ይቀረዋል?» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። አብዛኛው በእርግጥ ወጥቶ ተጠጥቷል፤ ከፌኖሊኮቹ ግን ከፊሉ ከአተላው ጋር ይቀራል። መፍትሔው ቀላል ነው። አተላውን ከልጣጭና ከደረቅ ቅጠል ጋር አከማችታችሁ ሦስትና አራት ወር እንዲብላላ ተዉት፤ ከዚያ በኋላ ጥሩ ማዳበሪያ ይሆናል።

ለባሕር ዛፉ ጥግም የሚደረግ ነገር አለ። የረገፈውን ቅጠል ከመደቡ ላይ በየሳምንቱ ጥረጉ። ዘሩን በቀጥታ ከመዝራት ይልቅ ራቅ ባለ ሥፍራ ያፈላችሁትን፣ ሥሩ የጠነከረ ችግኝ አዛውሩ፤ ክፉኛ የሚጎዳው የሚበቅል ዘርና ለጋ ሥር ነውና። ከሁሉ የሚሻለው በአሮጌ በርሚል ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ሌላ አፈር ሞልቶ በዚያ መትከል ነው። ጤና አዳማችሁንም ከሰላጣው መደብ ትንሽ ራቅ አድርጉት፤ ከጤና አዳም ወገን የሆኑ ተክሎች ኩማሪን የተባሉ፣ ዘር እንዳይበቅል የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። የወፍ ቆሎ አጥር ያላችሁም ቅጠሉን ወደ ማዳበሪያው ክምር አትጨምሩ።

ይህን ሁሉ በወሬ አትመኑ፤ በፌጦ ፈትኑት። ፌጦ በላቦራቶሪም ለዚሁ ሥራ የተመረጠ ዘር ነው፤ ቶሎ ይበቅላልና። አንድ እፍኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀጥቅጣችሁ በአንድ ብርጭቆ ውሃ ሌሊቱን ዘፍዝፉና አጥልሉት። በሁለት ሣህን ላይ ጥጥ አንጥፋችሁ በየአንዳንዱ 20 የፌጦ ፍሬ ቁጠሩ። አንዱን በንጹሕ ውሃ፣ ሁለተኛውን በዘፈዘፋችሁት ውሃ አርሱት፤ ከላይ ሸፈን አድርጋችሁ ጥጉ እንዳይደርቅ ጠብቁ። በአራተኛው ቀን ስንቱ እንደ በቀለ ልጆቻችሁ ይቁጠሩ፤ የሥሩንም ርዝመት በማስመሪያ ይለኩ። የብዛቱንና የርዝመቱን ልዩነት በደብተራቸው ይጻፉት፤ ከትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍለ ጊዜ የማይተናነስ ትምህርት ነው።

በዚሁ ዘዴ ያከማቻችሁት ማዳበሪያ መድረስ አለመድረሱንም ማወቅ ይቻላል። ከክምሩ አንድ ሲኒ አፈር ወስዳችሁ ፌጦ ዝሩበት። ሥሩ ነጭና ረጅም ሆኖ ከወጣ ማዳበሪያው ለመደቡ ደርሷል፤ ቡኒና አጭር ከሆነ ክምሩን ገልብጣችሁ ሌላ ሦስት ሳምንት አቆዩት። የባሕር ዛፉን ውሃ ግን ሙከራው ሲያልቅ ትናንሽ ልጆች ከማይደርሱበት ሥፍራ ድፉት፤ ብርጭቆውንም በሙቅ ውሃ እጠቡት።